ገንዳው፣ በረዶውና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች



እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ አንድ ዕቃ ነው። ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋና ሲነፋ በርሜል ያህላል። ውሃ ይሞሉታል፣ በረዶ ይጨምሩበታል፣ ከዚያ ሰው እስከ አንገቱ ይገባበታል። ስልክ የያዘ ሁሉ አይቶታል፦ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሌላው እየጮኸ፣ ሦስተኛው ሰዓቱን ለካሜራ እያሳየ። የጤና ቡድናችሁ ሊቀመንበር የጠየቁኝ በአጭሩ ነው፦ «ገዝተን ሜዳችን ላይ እናስቀምጠው ወይስ ይቅርብን?»

መልሴን ከፊት ላስቀድም፤ ሰው መልስ እየጠበቀ መሃሉን አይሰማምና። ገንዳው አይከፋም። በረዶው ግን በአብዛኛው ለፎቶ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጠው ጥቅምም ሆነ የሚያደርሰው አደጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተጠቃሏል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ የምትጨምሩት በረዶ፣ የምትቆጥሩት ደቂቃና የምትከፍሉት ዋጋ የሚያስገኘው ነገር ትንሽ ነው። ይህ አባባሌ የሚፈርስበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱንም ሳልነግራችሁ አልወርድም።

ቀዝቃዛ ውሃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥር 11 ቀን በጎንደር ውሃው እንደተባረከ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘለው የሚገቡትን ወጣቶች ሁላችሁም አይታችኋል። ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን በመስቀል ቅርጽ በተቆረጠ የበረዶ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠልቃሉ፤ በዓሉ የሚገጥመው ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አዲሱን የአውሮፓ አቆጣጠር ስላልተከተሉ ነው። ጠበል ለመጠመቅ በሌሊት ወጥቶ ጎህ ሳይቀድ ራቁት ጀርባውን ለውሃው የሰጠ ሰውም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ያ የእምነት ጉዳይ ነው፤ የሕክምና ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ያነሳሁት ስሜቱን ስለምታውቁት ነው። ውሃው ሲነካችሁ የምታሰሙት ያ «እህ!» የምትሉት ድምፅ፣ ሳታስቡት ወደ ውስጥ የምትስቡት አየር፣ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከእሱ ይጀምራል።

ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ገደማ አብልጦ ያስተላልፋል። 15 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ ሹራብ ደርበን ቡና እንጠጣለን፤ 15 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ግን ትንፋሽ ይቆረጣል። ቆዳችን ላይ ቅዝቃዜን የሚለዩት የነርቭ ጫፎች ከላይኛው ንጣፍ ሥር ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዙ አንጎል የሚደርሰው መልእክት የጩኸት ያህል ነው። ሰውየው ሳይፈልግ በረጅሙ አየር ይስባል፤ ከዚያ ትንፋሹ እንደሯጭ ይፈጥናል። ልቡ በኃይል ይመታል። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ መሃል ይገፋል፣ ግፊቱ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚከረው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይረግባል። በእንግሊዝ ፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቲፕተን የሚባሉ ፕሮፌሰር ይህን ድንጋጤ በማጥናት ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ከሥራቸው ለእኛ የሚበጀው ግኝት ይህ ነው፦ ውሃው ከ10 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ የትንፋሹ ድንጋጤ እምብዛም አይጨምርም። አካሉ ጩኸቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ላይ ጮኾ ጨርሷል።

በረዶ የተንሳፈፈበት ውሃ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ስለዚህ ያ ጺሙ ላይ በረዶ የተንጠለጠለው ሰው ከእናንተ የበለጠ ሕመም ይሰማዋል እንጂ ከእናንተ የበለጠ ጥቅም አያገኝም። ሕመም ራሱ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ካለ ያ ሌላ ዲስኩር ነው።

ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሞተው በርዶት የሚመስለው ብዙ ነው። በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጊስብሬክት የሚባሉ ተመራማሪ ነገሩን በሦስት ቁጥር አስቀምጠውታል፦ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። በረዷማ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ አለው፤ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰውነቱ በርዶ ራሱን እስኪስት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ገዳዩ የመጀመሪያው «አንድ» ነው። ያ ያለፈቃድ የሚሳብ ትንፋሽ ፊት ከውሃ በታች ሳለ ቢመጣ የሚገባው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ሌላም አለ። ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ልብ እንዲዘገይ የሚያዝ ጥንታዊ ምላሽ አለን፤ ዓሣ ነባሪም ያለው ነው። አካል በቅዝቃዜ ደንግጦ ልቡን «ፍጠን» ሲል፣ ፊት ደግሞ ጠልቆ «ዝግ በል» ሲል፣ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ጤነኛ ወጣት ላይ እንኳ የልብ ምት መዛባት የታየበት ነው። ስለዚህ ዘሎ መግባትና ጭንቅላት ማጥለቅ፣ ቪዲዮ ላይ የሚያምረው ነገር ሁሉ፣ እኛ ጋ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ። እዚህ ላይ ነጋዴው ከሐኪሙ ቀድሞ ይናገራል።

«ዶፓሚን በ250 በመቶ ይጨምራል፣ ደስታ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ አይታችኋል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከታተመ የቼክ ተመራማሪዎች ጥናት የመጣ ነው። ወጣት ወንዶች 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ጭንቅላታቸው ብቻ ከውጭ ሆኖ ተቀመጡ፤ በደማቸው ውስጥ ዶፓሚን በ250፣ ኖርአድሬናሊን በ530 በመቶ ጨመረ። ማስታወቂያው የዘለላት ነገር ግን አለች። ልጆቹ የተቀመጡት አንድ ሰዓት ሙሉ ነበር። ሁለት ደቂቃ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ያን ቁጥር መሸጥ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማጭበርበር ነው። ደግሞም 14 ዲግሪ ነበር፤ በረዶ የተንሳፈፈበት ውሃ አልነበረም።

ዊም ሆፍ የሚባለውን ሆላንዳዊ ታውቁታላችሁ፤ «የበረዶው ሰው» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 በናይሜኸን የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ሰዎችን በእርሱ ስልት አሠልጥነው፣ ካልሠለጠኑ 12 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ለሁሉም ትኩሳት የሚያመጣ የባክቴሪያ ንጥረ ነገር በመርፌ ተሰጣቸው። የሠለጠኑት አድሬናሊናቸው ከፍ ብሎ ሕመሙ ቀለል አለላቸው። የሚያስደንቅ ውጤት ነው። ሥልጠናው ግን ቅዝቃዜ ብቻ አልነበረም፤ ኃይለኛ የአተነፋፈስ ልምምድና ተመስጦም ነበረበት፤ መርፌውን ሲወጉ ደግሞ አልጋ ላይ ሆነው ይተነፍሱ ነበር እንጂ ገንዳ ውስጥ አልነበሩም። ይህን የማነሳው በአንድ ምክንያት ነው። ያን ፈጣን አተነፋፈስ ውሃ ውስጥ ሆኖ መሞከር ሰው ገድሏል። ትንፋሽ በጣም ሲፈጥን የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ «አየር ሳብ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ሰውየው ራሱን ይስታል። አልጋ ላይ ቢሆን ይነቃል። ውሃ ውስጥ አይነቃም።

ትልቁ ጥናት ደግሞ ገንዳም የለውም። እዚያው ሆላንድ ውስጥ 3,018 ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ለ30 ቀን ሻወራቸውን እንደወትሮው በሙቅ ወስደው መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛውን እንዲከፍቱ ተነገራቸው፤ ገሚሱ ለ30 ሰከንድ፣ ገሚሱ ለ60፣ ገሚሱ ለ90። ከሥራ በሕመም የቀሩበት ቀን በ29 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የታመሙበት ቀን አልቀነሰም፤ ታመው ከሥራ መቅረታቸው ነው የቀነሰው። ጉንፋን ይዟቸውም ተነስተው ሄዱ ማለት ነው። በ30 ሰከንዱና በ90 ሰከንዱ መካከል ደግሞ ልዩነት አልታየም። ግማሽ ደቂቃ በቃ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ከአውስትራሊያ የወጣ አንድ የጥናቶች ጥናት 11 ሥራዎችን አሰባስቦ 3,177 ሰዎችን አጠቃለለ ተብሎ ብዙ ተወራ። ከእነዚህ 3,018ቱ እነዚያው የሻወር ሆላንዳውያን ናቸው። የቀሩት አሥሩ ጥናቶች ተደምረው 159 ሰው ይወጣቸዋል፤ የእናንተ ጠቅላላ ጉባኤ ከዚህ ብዙም አያንስም። ውጤቱ፦ ከገቡ ከ12 ሰዓት በኋላ ውጥረት ቀንሶ ታይቷል፤ ስሜትን በማሻሻል በኩል ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም፤ ብግነት ደግሞ ወዲያው ከወጡ በኋላ ጨምሮ ነው የተገኘው። «ብግነት ያጠፋል» እያለ ለሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አንብቡለት።

እንግዲህ ምን ቀረ? ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው መንቃት ነው። ከዚያ ድንጋጤ የወጣ ሰው ለሰዓታት ንቁና ቀለል ያለ ይሆናል፤ ይህን የሞከረ ሁሉ ይመሰክራል፤ አድሬናሊን ነውና ምስክርነቱን ለማመን አይከብድም። ሁለተኛው ማግስት የሚሰማው የጡንቻ ሕመም ነው። እሑድ ጠዋት ዘጠና ደቂቃ ሮጣችሁ ሰኞ ደረጃ ስትወርዱ መደገፊያውን የምትይዙ ሰዎች ይህ ይመለከታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮክሬን ተመራማሪዎች 366 ሰው የተሳተፈባቸውን 17 ትንንሽ ጥናቶች መርምረው፣ ዝም ብሎ ከማረፍ ይልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ሕመሙን ይቀንሳል ብለዋል፤ አብዛኞቹ ሙከራዎች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ውሃ የተደረጉ ናቸው። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ሙኒክ ላይ በአሥር ሺህ ሜትር የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ምስጢሯ የበረዶ ገንዳ እንደሆነ ተናግራ ነገሩን አስፋፍታዋለች። የሲድኒ ኦሊምፒክንና የኤድመንተን ዓለም ሻምፒዮናን አሥር ሺህ ሜትር የምታስታውሱ ደግሞ ደራርቱ ቱሉና ጌጤ ዋሚ ከፊቷ ሲገቡ ስለ በረዶ ማንም እንዳላወራ ታስታውሳላችሁ። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻም አይደለም።

ጂም የምትሠሩ፣ ብረት የምትገፉ ወጣቶች አንድ ነገር ያዙልኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 21 ወንዶች ለ12 ሳምንት ክብደት አነሱ። ገሚሶቹ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ለ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ገቡ፤ ገሚሶቹ ብስክሌት በቀስታ ረገጡ። ጡንቻቸውም ጉልበታቸውም ይበልጥ ያደገው ብስክሌት የረገጡት ናቸው። ጡንቻ የሚያድገው ሥራው የፈጠረበትን መቆጣት ተከትሎ ነው፤ መቆጣቱን በቅዝቃዜ ስታዳፍኑት እድገቱም አብሮ ይዳፈናል። ብረት ባነሳችሁበት ቀን ገንዳው ይቅርባችሁ፤ ኳስ በተጫወታችሁበት ቀን ግቡ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባ የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ውሃ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ፣ ማለዳ ላይ ምን ያህል እንደሚወርድ ራሳችሁ ቴርሞሜትር ከታችሁ እዩ። ጣራ ላይ ያለ ሮቶ ቀን ፀሐይ ስለሚበላ ከሰዓት በኋላ ለብ ይላል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ሌላ ውሃ ነው። ቴርሞሜትሩ 15 ካለ አካላችሁ ለመደንገጥ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። እኛ ደጋ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ሌላው ዓለም በማሽን የሚያመጣውን ነገር በባልዲ አለን።

በረዶ ካልገባበት አልረካም ለሚል ሰው ሒሳቡን ልሥራለት። 300 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 10 ዲግሪ ለማውረድ 27 ኪሎ ገደማ በረዶ ይፈልጋል። በሁለት ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ብታቀዘቅዙት 13 ወይም 14 ፕላስቲክ መሆኑ ነው፤ የቤት ፍሪዘር ይህን በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም፤ ሥጋውንም ታወጣላችሁ። ዱባይ ያለ ወገናችን ደግሞ በበጋ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ 35 ቢሆን ከ80 ኪሎ በላይ በረዶ ያስፈልገዋል። ውሃውን የሚያቀዘቅዝ ሞተር የሚሸጠው ለእርሱ ነው፤ ከገንዳው ብዙ እጥፍ ይወደዳል። እናንተ እንዳትገዙት። በፕላስቲክ ማቀዝቀዙ ግን አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ በረዶው ቀልጦ ከገንዳው ውሃ ጋር ስለማይቀላቀል ፕላስቲኩን አውጥታችሁ መልሳችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። 300 ሊትር ማለት 15 ጀሪካን ነው። በፈረቃ ውሃ የሚመጣበት ሠፈር ውስጥ 15 ጀሪካን ለሁለት ደቂቃ ድንጋጤ ማፍሰስ ጎረቤት ፊት የሚያስነውር ነው። ስለዚህ ውሃው ይቆይ፤ ለመቆየት ደግሞ ንጽሕና ይፈልጋል። ከሜዳ በላብና በአፈር የመጣ ሰው ቀጥታ አይግባ፤ መጀመሪያ ይታጠብ። ለ300 ሊትር መዓዛ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃል፤ ክዳኑም ይዘጋ። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያዘገያል እንጂ አይገድልም፤ አሥር ሰው የገባበት ውሃ ውስጥ አሥራ አንደኛው ሰው ቁስል ይዞ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ክዳኑ ለሌላም ይፈለጋል፤ ግቢ ውስጥ ሕፃን ካለ ክፍት ገንዳ ክፍት ጉድጓድ ነው። ሲያረጅ ውሃውን ለግቢ ማጠቢያና ለሽንት ቤት አውሉት።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በረንዳችሁ ላይ ልታስቀምጡት አስባችሁ ይሆናል። ውሃው 300 ኪሎ፣ እናንተ 75 ኪሎ፤ ገንዳው መሬት የሚይዘው 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፣ ግማሽ ካሬ ሜትር አይሞላም። በካሬ ሜትር ሲሰላ ወደ 850 ኪሎ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በአብዛኛው የሚታሰበው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። ክብደቱ በአንድ ነጥብ ስለሆነና ወለሉ ስለሚረዳዳ ወዲያው ይደረመሳል አልልም፤ ከታች ያለ ሰው ላይ ግን አትፈትኑት። ቦታው መሬት ነው።

ማን አይግባ? የደም ግፊት ያለበት፣ የልብ ሕመም ወይም የምት መዛባት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ በብርድ ጣቶቹ ነጭ የሚሆኑበት፣ በብርድ ቆዳው የሚያብጥ፣ በስኳር እግሩ የደነዘዘ ሰው፤ እነዚህ ሁሉ ሐኪማቸውን ሳያናግሩ አይግቡ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ይህን ልማድ አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ከ45 በላይ ናችሁ፤ ግፊታችሁን ለክታችሁ የማታውቁም እንዳላችሁ እገምታለሁ። ጫት የቃመ አይግባ፤ ጫት ራሱ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ያወጣል፣ ቅዝቃዜው ሲደረብበት ድርብ ሸክም ነው። የጠጣም አይግባ። ብርድ ጠፍቶት አይደለም፤ ሲጠጣ ደም ወደ ቆዳ ይወጣና ቶሎ ይበርደዋል፤ እንደበረደው ግን አያውቅም።

ጋሽዎች የምትፈሩትን አውቃለሁ። «ብርድ ይመታናል፣ ቁርጥማት ይዘን እንቀራለን» ትላላችሁ። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቁርጥማትም ከውሃ አይወለድም። ያረጀና የተጎዳ መገጣጠሚያ ግን በብርድ ይደርቃል፣ ሕመሙ ይብሳል፤ ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው «ሞክረው» ቢባል እንኳ እንቢ ቢል ልክ ነው። ማንም ሰው ላይ እንዳይስቁ ወጣቶቹን አደራ እላለሁ። ተገፍቶ የገባ ሰው ከሁሉም በላይ ይደነግጣል።

አገባቡ እንዲህ ነው። ብቻችሁን አትግቡ፤ አንድ ሰው ከጎን ይቁም፣ ስልክ ይዞ ቪዲዮ ለመቅረጽ ሳይሆን እጃችሁን ለመያዝ። የሚነፋው ገንዳ ረጅምና ጠባብ ነው፤ እግር ሲደነዝዝ ከውስጡ መውጣት ከመግባቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከውጭ የማይንቀሳቀስ በርጩማ ይኑር። በእግር ጀምሩ፣ በቀስታ ዝቅ በሉ፣ አየር እያወጣችሁ። ትንፋሽ እንዳትይዙ። እጆቻችሁን ከውሃው ውጭ ብታደርጓቸው ይሻላል፤ ጣት ከሁሉም ቀድሞ ይሠቃያል። ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ቆይታችሁን የሚወስነው ሰዓቱ ሳይሆን ትንፋሻችሁ ነው። ተረጋጋ? ሥራው አለቀ፤ ከፈለጋችሁ ውጡ። ለጡንቻ ሕመም የምትገቡ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ግን ምክንያት የለም። በሳምንታት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ለሦስት ሦስት ደቂቃ የገባ ሰው ድንጋጤው በግማሽ ያህል ይቀንስለታል፤ ይህም የቲፕተን ሥራ ነው። ያን ጊዜ «አልበረደኝምና በረዶ ጨምሩ» ማለት ይጀምራል። ቀለል ማለቱ ራሱ የተፈለገው ውጤት መሆኑን ንገሩት።

ከወጣችሁ በኋላ ያለውን ሰዓት ሰው ይዘነጋዋል። ከውሃው ወጥታችሁም የውስጥ ሙቀታችሁ ለጥቂት ጊዜ መውረዱን አያቆምም፤ የቀዘቀዘው የእጅና የእግር ሥጋ ከመሃሉ ሙቀት ይስባልና። ወዲያው ሙቅ ሻወር ሥር አትግቡ፤ የጠበቡት ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ግፊት ወርዶ ሰው ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ገላችሁን አድርቁ፣ ልብስ ልበሱ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ጠጡ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፤ አካል ራሱን እያሞቀ ነው። መኪና ለመንዳት ግን አትቸኩሉ።

አሁን ያስቀረኋትን ልንገራችሁ። በረዶው ለፎቶ ነው ያልሁት የማይሠራበት ሁኔታ።

በዓመት ሁለት ሦስቴ ለወዳጅነት ግጥሚያ ወደ ሞቃት ከተማ ትወርዳላችሁ፤ አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ። ደጋ የለመደ አካል በእኩለ ቀን ሙቀት ሲሮጥ ሙቀቱን ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎል ይዛባል። ሰውየው ይወላገዳል፣ የማይሆን ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ይወድቃል። ላብ ማላቡ አያታልላችሁ፤ እያላበውም ሊሆን ይችላል። ይህ ድካም አይደለም፤ ጥላ ሥር አስተኝቶ በማራገብ አይድንም። በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀዘቀዘ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮሪ ስትሪንገር የሚባል የ27 ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ በዚህ ሞቶ፣ በኋላ በስሙ በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተቋም ተከፍቷል። የተቋሙ መሪ ዳግላስ ካሳ ይባላል፤ ስሙን ሰምታችሁ የእኛ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እርሱም በልጅነቱ ሲሮጥ በዚሁ ወድቆ የተረፈ ነው።

በማሳቹሴትስ ፋልማውዝ የሚባል ከተማ በነሐሴ ሙቀት የሚካሄድ የ11 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ከመጨረሻው መስመር አጠገብ የበረዶ ውሃ የሞሉ ገንዳዎች ይደረደራሉ። በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሯጮች በሙቀት ተመትተው፣ በአማካይ 41.4 ዲግሪ ግለው፣ እነዚያ ገንዳዎች ውስጥ ገቡ። ሁሉም ተረፉ። አንድም ሰው አልሞተም። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ እስካሁን ከነገርኋችሁ ጥናት ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የገንዳ ነጋዴ ሲያወራበት ግን ሰምቼ አላውቅም።

በሙቀት ለተመታ ሰው ቀስ ብሎ መግባት፣ ትንፋሽ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ውሃ መቆጠብ የለም። ስለዚህ ገንዳውን ከገዛችሁት ወደነዚያ ከተሞች በሚወርደው መኪና ላይ ከኳሶቹ ቀድሞ ይጫን፤ ሁለት ሦስት ማቀዝቀዣ ሣጥን በረዶም አብሮ ይሂድ። ሜዳው ላይ ደርሳችሁ ግጥሚያው ሳይጀመር ውሃ ይሞላ። ሰው ከወደቀና ከተዛባ ጫማውን ፈትታችሁ ከነማልያው አግቡት፤ አንዱ ከኋላ በብብቱ ፎጣ አሳልፎ ጭንቅላቱ እንዳይሰጥም ይያዘው፤ ሌላው ውሃውን ያማስለው፣ በገላው ዙሪያ የሞቀው ውሃ ቆሞ እንዳይከልለው። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ገንዳ ከሌለ በጎማ ውሃ አፍስሱበት፣ ነጠላ በበረዶ ውሃ እየነከራችሁ በየደቂቃው ቀያይሩበት። አምቡላንሱ ሲደርስ «ቶሎ እንውሰደው» ይላሉ፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ሐኪም ኖሮ የውስጥ ሙቀቱን መለካት ከቻለ 39 አካባቢ ሲደርስ ይውጣ፤ መለኪያ ከሌለ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውሃው ውስጥ አቆዩትና ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።